ጉዳዩ፦ በሕይወት ስለመኖር

ናታንያ ላይ ባሕሩ በማለዳ ብረት ይመስላል፤
ሚስተር ሲሪል ግን ባሕሩን አያይም፣ ቁጥሩን ያያል።
አርባ ሰባት።
መነጽሩን በኪሱ ሲፈልግ (ግንባሩ ላይ ነበር)፣
መስኮቴ ፊት ቆመ፤ ትንሽ ሳል አለ፣ ሊናገር።
«ደህና አደርሽ» ሲለኝ ዕብራይስጡ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤
ሠላሳ ዓመት ኖሮበትም «ሬሽ» ዛሬም ከጥርሱ ይወድቃል።

ከጡረታው ቢሮ የመጣ ወረቀት ነው፣ ባሕር ተሻግሮ፤
ጥያቄው አጭር፣ እንደ ጎረቤት ሰላምታ ከአጥር ማዶ ተወርውሮ፦
«እስካሁን በሕይወት አሉ?»

በአባቴ አገር ይህን የጠየቀ «እግዜር ይመስገን» ተብሎ ይሸኛል፤
እዚህ ግን ምስክር፣ ማኅተም፣ ቀንና ፊርማ ያስፈልጋል።
መልሱ ከዘገየ ገንዘቡ ይቆማል፤
ገንዘቡ ከቆመ ሰው እየተነፈሰም ለመዝገቡ ሞቷል።

ፓውንዱ ሰቅል ሊሆን ሲሻገር መንገድ ላይ ይከሳል፣
ባንኩ ትንሽ ይቆርጣል፣ ምንዛሪው ትንሽ ይበላል፤
የተረፈውን ለማዘጋጃው ግብር፣ ለመብራት፣ ለልብ ኪኒን ያካፍላል፤
ሁሉንም በሰማያዊ ደብተር፣ በእርሳስ ይጽፋል።
አምና «ስሕተት አለ» ብሎ መጣ፣ አሥራ አንድ ሰቅል ጎድሎ።
ልክ ነበር። ስሕተቱ የኛ ነበር።
በማግስቱ ብስኩት አመጣልኝ፣ «አሳፈርኩሽ» ብሎ።

ፓስፖርቱን አየሁ፣ ፊቱን አየሁ፣ ፈረምኩ፤
«ይህን ሰው ዛሬ በሕይወት አይቼዋለሁ» ከሚለው ሥር ስሜን አኖርኩ።
ማኅተሙን ሳሳርፍ «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።
ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ሁለተኛውን ፖስታ ሰጠኝ።

በፖስታው መስኮት ስሟ ይታያል፦ ወይዘሮ ዶሪን።
ጥር ላይ ነው ያረፈችው፣ ዝናቡ ጃንጥላ በገለበጠበት ቀን።
ነግሯቸው ነበር፤ በስልክ፣ ሙዚቃ እየሰማ ተጠባብቆ፤ በደብዳቤም፣ ሁለቴ፤
መዝገቡ ግን አልሰማም፤ በትሕትና ይጠይቃታል፦ «በሕይወት አሉ ወይ፣ እመቤቴ?»

ለመኖር አንድ ፊርማ ይበቃል፤
መሞት ግን ብዙ ደጅ ያስጠናል።
የሞት ወረቀቷ ዕብራይስጥ ነው፤ ተርጓሚ ይሻል፣
ኖታሪዮን ይሻል፤ ኖታሪዮኑ ቀይ ጥብጣብ ያስርበታል፣
ከዚያ ሌላ ማኅተም፣ ማኅተሙን የሚያጸድቅ ማኅተም፣
ከዚያ በአደራ ደብዳቤ መላክ፤ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ሰልፍ አያልቅበትም።
ደመርንለት፣ በደብተሩ ጥግ፣ በእርሳስ፤
ሟቿን ሟች ለማሰኘት የሚወጣው ከወር ጡረታዋ የሚብስ።

«ወይስ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚህም ላይ ብትፈርሚ፣ ከስሟ ሥር?
ለገንዘቡ አይደለም፤ እሱን ይመልሱት።
ለአንድ ዓመት ብቻ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ እንድትኖር።»

ከኋላው አርባ ስምንት ሳለ። አርባ ዘጠኝ ሰዓቱን አየ።
እጄ ማኅተሙ እጀታ ላይ፣ ከሚገባው በላይ ቆየ።
«አይቻልም፣ ሚስተር ሲሪል።»
«አውቃለሁ። ይቅርታ» አለ፤ ሦስት ጊዜ ይቅርታ አለ።
ፖስታውን እንዳልተከፈተ አድርጎ አጥፎ፣ ከደብተሩ ጋር በልብሱ ውስጥ ከተተ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት።
አባቴ መታወቂያው ላይ የተወለደበት ቀን ዜሮ ነው፣ ወሩም ዜሮ፤
ዓመቱን አንዲት ጸሐፊ ናት የሰጠችው፣ ሽበቱ ተቆጥሮ።
ብዙ ሳቀ። «መወለዴን በግምት የጻፉ ሰዎች
መሞቴን በማስረጃ ሊጠይቁ ነው?» አለ።
ከዚያ ዝም አለ።
«ሰውየው ልጅ የለውም?»
«ለንደን አለ። በበዓል ይደውላል።»
«እና ፖስታውን ምን አደረገው?»
አላውቅም።

እራት ሳቀርብ አውራ ጣቴን አየብኝ፣ ሰማያዊ ነገር ነክቶታል።
«ምንድን ነው?»
«የዛሬ ቀን ነው፣ አባዬ፤ ተገልብጦ ነው የታተመ።
በሳሙና ይለቃል።»